የአባቴ የበጋ ፈቃድ

እናቴ ለቅሶ የምትወድ ሴት ናት ብዬ አምን ነበር። ሌላው ሠርግ እንደሚወድ እሷ ለቅሶ ትወዳለች። ከቡኢ በታች ባለው መንደራችን ሰው ሞተ ሲባል ቀድማ የምትደርሰው እናቴ ወርቅውሃ ናት። ከወንዝ ማዶ ቢሞትም ትሄዳለች፤ ስሙን በቅጡ ያልሰማችው ሽማግሌ ቢሞትም ትሄዳለች። የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትነሳለች፤ እኔ ከኋላዋ ኩስ ኩስ እላለሁ።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ሌላ ሰው ትሆናለች። ደረቷን ትደቃለች፣ ጉንጯን ትቧጭራለች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች። የሟች ዘመዶች ቀና ብለው ያዩአትና «ምኑ ናት?» ይባባላሉ። አንድ ጊዜማ የሟች የገዛ ልጁ የራሷን ለቅሶ አቋርጣ እናቴን ልታባብል ተነሳች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር፤ ከማፈሬ የተነሳ ከንፍሮው እንኳ ብዙ አልበላሁም።

ቤት ስንመለስ ግን እንባ የሚባል አይታይባትም። ጓሮ ገብታ እንሰቷን ትፍቃለች፣ እራታችንን ታቀርባለች፣ ትተኛለች። አባቴ ለምን ለመስቀል እንዳልመጣ ስጠይቃት «ሥራ ይዞት ነው» ትላለች። እሷ ለምን እንደማትስቅ ስጠይቃት «ደክሞኝ ነው» ትላለች። በዚያ ዘመን ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ መልስ የሰጠችኝ አይመስለኝም።

አባቴ ሀብተጊዮርጊስ የሄደው ጣሊያን አገራችንን ይዞ በተደላደለ ጊዜ ነው። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ፊቱ አልቀረልኝም። የቀረልኝ ጀርባው ነው፤ አዝሎኝ እንሰቱ መሀል ሲሄድ ጉንጬን የማስደግፍበት ሰፊ ጀርባ። የወጣ ቀን ጠዋት አቅፎኝ «ዝናብ ሳይጥል እመለሳለሁ» አለኝ። እኔም በሚቀጥለው ቀን ሰማዩን እያየሁ ዋልኩ።

ለሄደበት ጉዳይ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ጣሊያኖች ከቆሼ ወዲያ ቆላው ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፍተው ነበርና ሰው ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል ደግሞ መንገድ ያሠራሉ፤ ባንዶቹ በየመንደሩ እየዞሩ ወንዱን እየነዱ ድንጋይ ያስፈልጡታል። የእርሻውን ወረቀት የያዘ ሰው ለድንጋይ አይነዳም። ሰዉ ያን ወረቀት «ፔርሜሶ» ይለው ነበር፤ ፈቃድ ማለት ነው። የሚሰጠው ለአንድ በጋ ብቻ ነው፤ ከመስቀል በኋላ እስከ ዝናብ። በጋው ሲያልቅ ሰውየው ራሱ ቡታጅራ ድረስ መጥቶ ያስረክባል፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ያወጣል። ሲያወጣ ሚስቱ መጥታ «ባሌ ነው» ብላ ትመሰክራለች፤ ዋሱም እሷ ናት። ሰውየው ጠፍቶ ዱር ቢገባ ቤቷ ይቃጠላል።

አሁን ወልቂጤ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ባለፈው ሰሞን የጎረቤታችን የሃሊማ ልጅ ሙሀመድሰይድ እየሮጠ መጥቶ ስልኩን አሳየኝ። ባሕር ማዶ ሄዶ ፍሬ ሊለቅም የጥቂት ወር ቪዛ ወጥቶለታል። «ዋስህ ማነው?» አልኩት። ሳቀብኝ። «እማማ አደይ፣ ምን ዋስ ያስፈልጋል? ፊቴን አንስተውታል፣ አሻራዬንም ወስደዋል» አለኝ። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር የእኛ ሰው አንድ ቀን አይተርፍም ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እሱን ግን እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የዚያን በጋ እናቴ ጓሮ ውስጥ ጅብ ትቀልባለች ብዬ አስብ ነበር። ጓሯችን በእንሰት የተሞላ ነው፤ ከእንሰቱ መሀል ቆጮ የሚቀበርበት ባዶ ጉድጓድ አለ። እናቴ በቅጠል የተጠቀለለ ምግብ ይዛ ወደዚያ ትገባለች፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች። «እዚያ ድርሽ እንዳትዪ፣ ጅብ አለ» ብላኛለች። ጅቡ እኛን እንዳይበላን እሷ ታበላዋለች ብዬ ነገሩን ለራሴ አስረዳሁ። አንድ ቀን ጅቡ ሲያስል ሰማሁት። ጅብም ጉንፋን ይይዘዋል ማለት ነው ብዬ አዘንኩለት።

ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማን መጣ። ሰማን የመስቃን ሰው ነው፤ የአባቴ የገበያ ወዳጅ፣ በእርሻውም ላይ የእነሱ ቡድን አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ነበር። ሁልጊዜ ሲመጣ ከበር ጀምሮ እየተጣራና እየቀለደ ነው። የዚያን ቀን ሳይጣራ አጥሩ ሥር ቆመ። እናቴ እጇ እንሰት እንደነካ ወጣች። እኔ ከምሰሶው ኋላ ሆኜ አየሁ።

«ቆሼ ሳንደርስ ነው» አላት። «ትኩሳቱ ከእርሻው ጀምሮ ይዞታል። አዝለነው ነበር የምንሄደው። ወላሂ፣ እህቴ፣ ውሃ እንኳ ከአፉ ለይተን አናውቅም።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«መንገዱ ዳር ነው። ድንጋይ ደርድሬበታለሁ፤ ቦታውን አልስተውም» አላት። ቀጥሎ ከደረቱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይሄን ማስረከብ አለብኝ። የሆነውን ልንገራቸው ወይስ ምን ላድርግ? አንቺ የምትዪኝን ነው የምሠራው።»

እናቴ ወረቀቱን አየችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀበለችው። ወደ ጓሮ አየች። «ለቅሶ ከዚህ ቤት ከተሰማ እስከ ነገ ቡታጅራ ያውቁታል» አለች። ድምፅዋ የገበያ ነገር የምታወራ ሴት ድምፅ ነበር። «አይሰማም። ጠብቀኝ» ብላ ወደ እንሰቱ ገባች።

ሰማን እኔን አየኝና ሸንኮራ ሰበረልኝ። «አባትሽ ነው የላከልሽ» አለኝ፤ ፊቱን አዞረ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሦስት ነገር ነው። አባቴ ትንሽ አሞት ነበር፤ ሸንኮራ ልኮልኛል፤ ቆሼ መንገድ ዳር ደግሞ ድንጋይ ተደርድሮ ቤት ተሠርቶለታል። በነጋታው ለመንደሩ ልጆች ሁሉ «አባቴ ቆሼ የድንጋይ ቤት አለው» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። ልጆቹ ለእናቶቻቸው ነገሩ። እናቶቻቸውም የድንጋይ ቤት ያለ ሴት አይሠራም ብለው፣ ሀብተጊዮርጊስ ቆላ ሌላ ሚስት አግብቷል፣ ወርቅውሃን ትቷታል አሉ። እናቴ ይህን ሰምታ አላስተባበለችም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ቤቱን ነገር ሳወራ አትቆጣኝም ነበር።

በዚያው ሳምንት ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጨች። «ቅማል ነው» አለች። እኔንም ላጨችኝ። እኔ ቅማል አልነበረብኝም፤ ስለዚህ ቅር አለኝ። ጓሮ ምግብ መውሰዱም ቀረ። «ጅቡስ?» ስላት «ሄደ» አለችኝ።

ጅቡ የአባቴ ታላቅ ወንድም ኃይሌ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ሸገር የወረደ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከአርበኞች ጋር በሶዶ ተራሮች የከረመ፣ ጭፍራው ሲበተን ወንድሙ ጓሮ የተደበቀ ሰው። ስሙ ባንዶቹ ዘንድ ተይዟል፤ ቢገኝ ገመድ ይጠብቀዋል። እናቴ ለሞተው ባሏ እንዳታለቅስ ያደረጋት ይሄ ነው። የባሏን ወረቀት ለወንድሙ ሰጠችው። ኃይሌ የወንድሙን የሀብተጊዮርጊስን ስም ይዞ ከሰማን ጋር ወደ ቡታጅራ ወረደ፤ ክረምቱን በሰማን ዘመዶች ዘንድ አሳለፈ፤ አባቴን ያዘሉትም እነሱ ነበሩና ምስጢሩን ያዙ። ከመስቀል በኋላ ጠላቱ እርሻ ውስጥ ገብቶ ጥጥ እየለቀመ ተደበቀ። በቆላው በየዓመቱ ብዙ ሰው በወባ ይሞታል፤ ብዙ ሰው ይተካል፤ የማንን ፊት ማን ይይዘዋል?

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው እናቴ ለአባቴ ግድ እንደሌላት ብቻ ነበር። መስቀል ሲደርስ ከየአገሩ የሄደው ወንድ ሁሉ መጣ፤ የአባቴ ቦታ ባዶ ሆነ። በእኛ አገር መስቀል ያልመጣ ባል ሚስቱን በቁሟ አዋረዳት ማለት ነው። የአባቴ እህት የሺመቤት ደጃችን ቆማ ወንድሟን ስትረግም እናቴ ክትፎውን ለእንግዶች ታድል ነበር። ለነፍስ አባቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። አባቴ ፍትሐት ሳይፈታለት፣ ተዝካር ሳይወጣለት መንገድ ዳር ተኝቶ እሷ የሌላ ሰው ለቅሶ እያሳደደች በዚያ ታለቅሰው ነበር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ «ተነሺ፣ ቡታጅራ እንሄዳለን፤ አባትሽን ታዪዋለሽ» አለችኝ። እንደ ግልገል ዘለልኩ። መንገዱን ሙሉ ስለሱ ጠየቅኋት፤ ረጅም ነው? ይስቃል? ያውቀኛል? እሷ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። «ደስ አላለሽም?» አልኳት። «ደክሞኝ ነው» አለች። ሰማን ቤት አድረን በማግስቱ ወደ ጣሊያኑ ግቢ ሄድን።

ግቢው በሽቦ የታጠረ ነው። ወንዶቹ በየካቦአቸው ተሰልፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ እጅጌውን የሰበሰበ ጣሊያን አቀርቅሮ ይጽፋል። ሰው ቀና ብሎ ሲያይ አላየሁትም። የሚያየው ቱርጁማኑ ነበር። አዳነ ይባላል፤ የወልቂጤ በኩል ሰው፤ ካኪ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ዱላውን በእግሩ እየመታ ይንጎራደዳል። የአገራችንን ሰው ወጉንም ልማዱንም የሚያውቀው እሱ ነው። ከነጩ ይልቅ የሚፈራውም እሱ ነው።

«ሀብተጊዮርጊስ!» ብሎ ተጣራ።

አንድ ሰው ተነሳ። ቆላ ያጠቆረው፣ የከሳ ሰው ነው። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አልነገረኝም። ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ሲሄድ ግን ጀርባውን አየሁት። የአባቴ ጀርባ ነበር። የወንድማማቾች ጀርባ ሊመሳሰል እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ አባቴ ነው ብዬ አመንኩ።

«ሚስቱስ?»

እናቴ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባ ቀረበች። ፊቷ ወደ ሽቦው ነው።

«ባልሽ ነው?»

«ነው።»

«እያየሽው ተናገሪ እንጂ።»

እናቴ አላየችውም። አልፈለገችም አይደለም፤ አልቻለችም። በእናቴ ወገን ሴት የባሏን ታላቅ ወንድም እንደ አማቷ ታፍራለች። ፊት ለፊት አታየውም፤ ሲመጣ ከመንገድ ትወጣለታለች፤ ከእጁም ነገር አትቀበልም፤ መሬት ያስቀምጥላትና ታነሳዋለች። ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ በነበረ ጊዜ እንኳ ምግቡን አፋፍ ላይ አስቀምጣለት ነበር የምትመለሰው። ያን ልማድ ጥላ እንድትሄድ ሰማን ማታውን ሲያስጠናት አድሯል። ግን ሰውነት እንደተማረው ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ኃይሌም ያው ሰው መሆኑ ነው። ከቆላ ለሚስቱ ጥጥ ያመጣ ባል ለመምሰል በጨርቅ የቋጠረውን ጥጥ ያዘና ሁለት እርምጃ ወደ እናቴ ሄደ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠላት።

እናቴም ጎንበስ ብላ አነሳችው።

የአዳነ ዱላ መንቀሳቀሱን አቆመ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ባል ለሚስቱ መሬት አስቀምጦ የሚሰጠው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ እንዲህ የማደርገው ለወንድሜ ሚስት ነው።»

 ጣሊያኑ ቀና ሳይል መጻፉን አቆመና አንድ ነገር ጠየቀ። አዳነ በእጁ «ቆየኝ» አለው። በሩ ላይ የነበረው ባንዳ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ጌታው፣ ተኳርፈው እኮ ነው…» አለ ሰማን።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

አዳነ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ። ሽቶ ሽቶ ይላል። «አንቺ ጎበዝ፣ ስምሽ ማነው?»

«አደይ።»

«አደይ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አባቴ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከመስቀል ጀምሮ አፌ ላይ የነበረ ቃል ነው።

«እናትሽ ታዲያ ለምን አታየውም?»

እንዴት ያለ ቀላል ጥያቄ ነው! መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ አለማወቁ ገረመኝ። «ቆሼ የድንጋይ ቤት ሠርቶ ሌላ ሚስት አግብቶባት ነው» አልኩት።

ተሰልፎ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ፤ እናቴም አሳዘነችኝ፤ እሱም አሳዘነኝ። ይሄን ያህል መንገድ የመጣነው ፊት ለመዞር ነው ወይ? ሄጄ የእናቴን እጅ ያዝኩ። ጎተትኳት። የሰውየውንም እጅ ያዝኩና የእሷን እጅ መዳፉ ውስጥ አስገባሁት። በሁለት እጄም ከላይ ጨበጥኩት። «በቃ ታረቁ!» አልኳቸው። «ታረቁ! ታረቁ!»

እናቴ እጇን አልነጠቀችም። የሰውየው ዓይን እንባ ሞላ። እናቴ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

አዳነ ብድግ ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ለጣሊያኑ ነገረው፤ ጣሊያኑም ሳቀና ማኅተሙን አሳረፈ። «በይ ወርቅውሃ፣ ታረቂው» አላት አዳነ። «እንዲህ ያለች ዳኛ እያለችሽ የትም አይሄድብሽም።» ለሰውየው ደግሞ «የቆላይቱን ቤት አፍርስ» አለው። ኃይሌ የበጋውን ፈቃድ ይዞ ከሰማን ጋር ሄደ። ሲሄድ ተሸክሞኝ እስከ በሩ ወሰደኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ወንዙ ዳር ቁጭ ብላ እጇን ባሸዋ ፈተገች። «ምን ሆነሻል?» አልኳት። «እንሰት አሳክኮኝ ነው» አለችኝ። ከቤት ከወጣን ጀምሮ እንሰት አልነካችም ነበር። እዚያው አለቀሰች፤ የሌላ ሰው ሬሳ በሌለበት ስታለቅስ ያየኋት የዚያን ቀን ብቻ ነው። የደስታ ነው አልኩ። አስታርቄአቸዋለሁ፤ ኮራሁ።

ካደግሁ በኋላ «ለምን ዋሸሽኝ?» ብዬ ጠይቄአታለሁ። «ብነግርሽ ኖሮ እንደዚያ አትጮኺም ነበር» አለችኝ። «እኔ አልችልበትም ነበር፤ አይተሻል። ከእኛ ውስጥ እውነቱን የምትናገር አንድ ሰው ታስፈልግ ነበር።»

በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ቡታጅራ እንሄድ ጀመር። እናቴ እየቆየ ለመደችው መሰለኝ፤ ፊቱን ታየዋለች፣ ከእጁ ትቀበላለች፤ ከተመለስን በኋላ ግን ታማ ትተኛለች። እኔ ያን አንድ ቀን ዓመቱን ሙሉ እጠብቀዋለሁ። አንገቱ ላይ ያስቀምጠኛል፤ ከጥጥ ፍሬ አሻንጉሊት ይሠራልኛል፤ የቆላ ዝንጀሮ እንዴት እንደሚሰርቅ እያስመሰለ ያሳየኛል። «መቼ ነው ቤት የምትመጣው?» ስለው «ፈረንጆቹ ሲሄዱ» ይለኛል። ስለዚህ በልጅ ጸሎቴ ሁሉ ፈረንጆቹን አባርር ነበር።

ሄዱም። ሚያዝያ ወር ላይ ቡታጅራ ለቀቁ ተባለ፤ ባንዶቹ ካኪያቸውን እየቀበሩ ገበሬ ሆኑ። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ አባቴን መጠበቅ ጀመርኩ። እናቴ ግን ሰማን ጋ ሰው ላከች። የላከችውን ቃል ሰማን ከብዙ ዓመት በኋላ ነግሮኛል። «ሽማግሌ ይዘህ ና። በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ ንገረኝ። እኔም እንደ ሰው መርዶ ይነገረኝ።»

እንዳለችው አደረገ። ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ቄሱ ከሰማን ጋር መጡ። እናቴ ምንም እንደማታውቅ ሴት ከመኝታዋ ተነስታ በሩን ከፈተች። «ወርቅውሃ፣ ሀብተጊዮርጊስ ዐረፈ» አሏት። ሦስት ዓመት ያወቀችውን ነገር ሰምታ ወደቀች። እንዲያ ያለ ጩኸት በየሰዉ ለቅሶ ቤትም አልሰማሁም። ወንድሟን ስትረግም የኖረችው የሺመቤት መጥታ እግሯ ላይ ተደፋች። ስለ ቆላይቱ ሚስት ያወሩት ሴቶች ሁሉ መጡ፤ ማን ማንን ቀና ብሎ እንደሚያይ ጠፋቸው።

እኔ አላለቀስኩም። ምን ያስለቅሰኛል? አባቴን ከመስቀል በኋላ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ሲመጣ ያፍራሉ ብዬ ንፍሮዬን በላሁ። ሴቶቹ ያዩኝና ይንሾካሾካሉ። «ልቧ ደንድኗል» ሲሉ እሰማለሁ።

እኩለ ቀን ላይ መጣ። ያ ሰውዬ፣ አቧራ ያጠቆረውን ልብሱን እንደለበሰ፣ በአጥሩ በር ገባ። «ወንድሜን!» እያለ ነው የገባው። ማንን እንደሚል አልሰማሁትም። «አባዬ መጣ! ተነሱ በቃ፣ መጥቷል!» ብዬ እየጮህኩ ለቀስተኛውን ገፍቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ያዘ። እሱ አቅፎኝ መናገር አቃተው።

እናቴ መሬት እንደተቀመጠች ነው የነገረችኝ። «አደይ፣ እሱ የአባትሽ ታላቅ ወንድም ነው፣ ኃይሌ። አባትሽ ቆሼ መንገድ ላይ ቀርቷል።»

አልገባኝም። ቃሉ ገባኝ፤ ነገሩ ግን የት ገብቶ ይቀመጥ? እዚህ የያዝኩት አንገት ትኩስ ነው። ቀኑን ሙሉ እጁን ይዤ ዋልኩ፤ ሰውም ተወኝ።

ፍትሐቱ ተፈታ። የለቅሶው ድንኳን ሲነሳ፣ ሰማን የቡታጅራውን ነገር ሁሉ የነገራቸው ሽማግሌዎች ቀሩ። በአገራችን ልማድ ባሏ የሞተባትን የባሏ ወንድም ያገባታል፤ ለዚያ ነው የቀሩት። «በእናንተ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም» አላት አንዱ። «በፈረንጁ ፊት ባሌ ነው ብለሻል። ልጅቱም አባቴ ትለዋለች። በወጉ ማድረግ ነው የቀረው።» እኔ ከምሰሶው ኋላ ሆኜ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ እኔ ያልኩትን ሊል ነው።

እናቴ ቀና አለች። ፊቷ ከለቅሶው አብጧል። ከዚያ በዝግታ ተናገረች።

«የእሱን ነፍስ ለማትረፍ ያልኩትን ሁሉ ብያለሁ፤ አልጸጸትም። ግን ሀብቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እኔ አንድ ቀን ሚስቱ ሆኜ አላለቀስኩለትም። በየሰው ደጅ ለቅሶ እየለመንኩ ኖርኩ። ደክሞኛል፣ አባቶቼ። አሁን ባሏ የሞተባት ሴት ልሁን። እሱን ብቻ ተዉልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ኃይሌ ዞሩ። «እውነቷን ነው» አለ እሱ። «እኔም የወንድሜን ስም ልመልስለት።» ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልቂጤ ሊሄድ ተነሳ፤ የሚያርሰው መሬት የሚሰጠው ዘመድ አለው ተብሏል። ግንባሬን ስሞኝ «እየመጣሁ አይሻለሁ» አለኝ። አባቴም እመለሳለሁ ብሎ ነበር የሄደው። ተከትዬው መንገድ ድረስ ሮጥኩ፤ ሰዎች ያዙኝ። ከዓይኔ ሲሰወር ጮህኩ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። «አባዬ! አባዬን!» እያልኩ አለቀስኩ፤ ማንም ሊያስቆመኝ አልቻለም።

ጩኸቴን የሰሙ ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዙሪያዬን ተቀመጡና አብረውኝ አለቀሱ። የሺመቤት ደረቷን እየደቃች «እሰይ፣ እሰይ ልጄ! አሁን ገባት፣ አባቷ መሞቱ አሁን ገባት» አለች።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለማን እንደማለቅስ ከዚያ ሁሉ ሰው የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ሴቶቹ እንዳይሰሟት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አልቅሺ፤ እኔ አልናገርብሽም» አለችኝ።